የአፍ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገልን ሰዎችና ከአስታማሚዎቻችን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለካንሰር ሕክምና አገልግሎት ኃላፊዎች፣ ለሪፈራል ሆስፒታሎች አስተዳደርና ለጤና መድን አመራሮች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ከአፍ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጡ ጉዳቶች የሚደረገውን ክትትል ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

በምላስ፣ በድድ፣ በጉንጭ፣ በላንቃና በመንጋጋ ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገልን ሰዎችና እኛን የሚያስታምሙ ቤተሰቦቻችን ይህን ደብዳቤ በጋራ ጽፈንላችኋል። አብዛኞቻችን የምንታከመው በአንድ የመንግሥት ሪፈራል ሆስፒታል ነው። የሆስፒታሉን ስም እዚህ ያልጠቀስነው በሌሎች ከተሞች የሚታከሙ ወገኖቻችንም ተመሳሳይ ችግር እንዳለባቸው ስለነገሩንና አንድን ተቋም ነጥሎ መክሰስ መፍትሔ ያመጣል ብለን ስለማናምን ነው።

በሆስፒታሉ የአፍ፣ የፊትና የአንገት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ታካሚዎች በሳምንት አንድ ቀን ለብቻቸው የሚታዩበት የክትትል ክፍል ነበር። ክፍሉ ጠባብ፣ ወረፋውም ረጅም ነበር፤ ሆኖም ቁስላችንን የምታውቅ ነርስ፣ ቀዶ ሕክምናውን የሠራልን ሐኪም ወይም አብሮት የሠራ ሬዚደንት (ለስፔሻሊስትነት በመሠልጠን ላይ ያለ ሐኪም)፣ አንዳንዴም የጥርስ ሐኪም እዚያው ይገኙ ነበር። ባለፈው ዓመት ይህ ቀን ተሰርዞ ከአጠቃላይ የቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ታካሚዎች ጋር እንድንታይ፣ ቀጠሯችንም በ3 ወር አንድ ጊዜ እንዲሆን ተወሰነ። ውሳኔውን ያወቅነው በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። የባለሙያም የክፍልም እጥረት እንዳለ እናውቃለን። ነገር ግን ውሳኔውን ያሳለፉት ሰዎች ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ በታካሚው ላይ ምን እንደሚደርስ አስበውበታል ብለን ለማመን ተቸግረናል። ስለዚህ የደረሰብንን አንድ በአንድ እናቀርባለን።

በአፍ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ዕጢው በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ይወገዳል፤ እንደ ቦታውም የምላስ ክፍል፣ የመንጋጋ አጥንት ወይም ላንቃ አብሮ ይወጣል። ካንሰሩ ወደ አንገት ንፍፊቶች የመዛመት ጠባይ ስላለው ብዙ ጊዜ አንገትም ተከፍቶ ንፍፊቶቹ ይለቀማሉ። የጎደለውን ለመሙላት ከክንድ፣ ከጭን፣ ከደረት ወይም ከእግር የተወሰደ ሥጋ፣ አንዳንዴም አጥንት ይተከላል። ከዚያም የፓቶሎጂው፣ ማለትም የወጣው ሥጋ በላቦራቶሪ የተመረመረበት ውጤት ታይቶ ጨረር፣ አስፈላጊ ሲሆንም ኬሞቴራፒ ይታዘዛል። መናገር፣ ማኘክ፣ መዋጥና መተንፈስ ሁሉም በአንድ ጠባብ ስፍራ ስለሚገናኙ አንዱ ሲጎዳ ሌላው አብሮ ይታወካል። የዚህ ታካሚ ክትትል ከሌላ ቀዶ ሕክምና ክትትል ተለይቶ እንዲታይ የምንጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው አቤቱታችን ገና ከአልጋ ሳንነሣ ያለውን ጊዜ የሚመለከት ነው። የተተከለው ሥጋ ሕይወት የሚያገኘው እጅግ ቀጭን በሆኑ የደም ሥሮች ስፌት ሲሆን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በየሰዓቱ መታየት አለበት። ነጭ ሆኖ ከቀዘቀዘ ደም እየደረሰው አይደለም ማለት ነው፤ ወደ ሰማያዊነት ወይም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ከሄደ ደግሞ የገባው ደም መውጫ አጥቷል። ታካሚው በፍጥነት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከተመለሰ ሥጋውን ማትረፍ ይቻላል፤ ካደረ ግን ይሞታል። በዋርዳችን ሌሊት ላይ አንዲት ነርስ ሙሉውን ክፍል ስለምትጠብቅ ይህ ሥራ በአስታማሚው ላይ ወድቋል። ከመካከላችን አንዲት ልጅ የአባቷን አፍ በስልኳ መብራት እያየች አድራለች። ቀለሙ መለወጡን ስታይ ሮጣ ለነርሷ ነገረች፤ ነርሷም ለተረኛው ሐኪም ደወለች፤ ሐኪሙ ግን ሌላ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ላይ ነበር። ሲነጋ የተተከለው ሥጋ ጠቁሮ ተገኘ፤ አባቷም ከደረታቸው ሌላ ሥጋ ተወስዶ እንደገና ተሠራላቸው። ልጅቷ ቀለም መጠበቅ እንዳለባት የነገራት አጎራባቹ አልጋ ላይ የነበረ አስታማሚ እንጂ የሆስፒታሉ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙዎቻችንን ያጠቃ በመሆኑ ሰፋ አድርገን እንገልጸዋለን። አፍ ውስጥ የተሰፋው ቁስል በአንድ ቦታ ከተከፈተ ምራቅ ወደ አንገት ሥጋ መውረድ ይጀምርና ውሎ አድሮ በአገጭ ሥር ወይም በአንገት ላይ ቆዳውን በስቶ ይወጣል። ሐኪሞች ፊስቱላ የሚሉት ይህን ነው። መጀመሪያ የሚታየው ጥቂት መቅላት፣ ማበጥና ትኩሳት ነው። በጊዜ ከተደረሰበት በአፍ የሚወሰደውን ምግብ ለጊዜው አቁሞ በቱቦ በመመገብ፣ ቁስሉንም በየቀኑ በማጠብና በማሸግ ብዙው ይድናል። ከዘገየ ግን ምራቁ የአንገትን ትልቅ የደም ሥር አጋልጦ ሊበላው ይችላል፤ በተለይ ጨረር በወሰደ አንገት ላይ ይህ ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ሰው የሚገድል መድማት ይከተላል።

ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ከታችኛው መንጋጋቸው ዕጢ ወጥቶላቸው ቤታቸው በገቡ በሁለተኛው ሳምንት አገጫቸው ሥር አበጠባቸው። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ እባጭ ነው ተብሎ ተበጣና የሚዋጥ ክኒን ተሰጣቸው፤ መዋጥ ይችሉ እንደሆነ የጠየቃቸው አልነበረም። የጠጡት አጥሚት በአንገታቸው መውጣት ሲጀምር ልጃቸው ወደ ሆስፒታሉ ይዟቸው መጣ። ካርድ ክፍሉ ቀጠሯችሁ ገና ነው ብሎ መለሳቸው፤ ድንገተኛ ክፍሉም ይህ ድንገተኛ አይደለም አላቸው። በመጨረሻ የሚያውቃቸው አንድ ሬዚደንት ኮሪደር ላይ አግኝቷቸው ነጠላቸውን ገለጥ ሲያደርግ ፋሻው በምራቅ ርሶ ቀሚሳቸው እስከ ደረታቸው ድረስ ተነክሮ ነበር። የዚያኑ ዕለት አልጋ ያዙ። ቁስሉ እስኪዘጋ ብዙ ሳምንታት ፈጀ፤ በዚያ መካከል የጨረር ተራቸው አለፈ።

የጨረር ተራ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ጨረር በ6 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር እንደሚመረጥ፣ ከዚያ በዘገየ መጠንም ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ እንደሚጨምር የሕክምና መመሪያዎች ያስቀምጣሉ። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ጨረር ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ጅማን በመሳሰሉ ከተሞች አገልግሎቱ መጀመሩ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ያም ሆኖ ተራ ያገኘ ታካሚ ቁስሉ ባለመዳኑ ያን ተራ ካጣ መልሶ ለማግኘት እንደ አዲስ ይሰለፋል። እንግዲህ አንዲት የሠለጠነች ነርስ በዕለቱ ልትለየው የምትችለው እብጠት 3 ወር ይጠብቅ ሲባል፣ አብሮ የሚባክነው ካንሰሩን የማዳን ዕድል ነው።

ሦስተኛው የመተንፈሻ ቱቦ ነገር ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምላስና ጉሮሮ ስለሚያብጥ ብዙ ታካሚ በአንገቱ ፊት በተከፈተ ቀዳዳ በገባ ቱቦ ይተነፍሳል። አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ከሆስፒታል ከመውጣታችን በፊት ይነሣል፤ ይዘውት ወደ ቤት የሚሄዱም አሉ። እንዳይደፈን የውስጠኛው ክፍል በቀን ደጋግሞ ወጥቶ መታጠብ፣ አክታው መመጠጥ፣ የሚተነፍሱት አየርም እርጥበት ማግኘት አለበት። ይህ ሁሉ ለአስታማሚው የሚነገረው በመውጫው ቀን፣ ሒሳብ ለመዝጋትና መድኃኒት ለመግዛት ላይ ታች በሚልበት ሰዓት ነው። የመምጠጫ ማሽኑን ራሳችሁ ግዙ ይባላል፤ የተገዛውም መብራት ሲጠፋ አይሠራም፤ በእግር እየተረገጠ የሚሠራ ዓይነት መኖሩን የሰማነው ከሌላ ታካሚ ቤተሰብ ነው። ከመካከላችን የአንድ ቤተሰብ አባል ሌሊት ቱቦው በደረቀ አክታ ተደፍኖበት ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሕይወቱ አልፏል። ቤተሰቡ ይህን ያህል እንዲጻፍ ስለፈቀደልን ከዚህ በላይ አንጨምርም።

ምግብን በተመለከተ ያለን አቤቱታ ብዙ ነው። አብዛኞቻችን ለሳምንታት፣ አንዳንዶቻችንም ለወራት በአፍንጫ በገባ ቱቦ ተመግበናል። ስንወጣ ወተት፣ አጥሚትና ሾርባ በሲሪንጅ ስጧቸው ከሚል ቃል በቀር በቀን ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል መጠን፣ ከምን ጋር ተደባልቆ እንደሚሰጥ የነገረን አልነበረም። አጥሚቱ ከወፈረ ቱቦውን ይደፍናል፤ ከቀጠነ ጉልበት አይሰጥም፤ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ቱቦውን በንጹሕ ውኃ ማጠብ እንደሚገባ እንኳ ብዙዎቻችን ያወቅነው አንዴ ከተደፈነ በኋላ ነው። ቱቦው ሲወልቅ ደግሞ የአካባቢው ጤና ጣቢያ አፉና መንጋጋው የተሠራ ሰው አፍንጫ ውስጥ መልሶ ለማስገባት ይፈራል። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ ቱቦው ሳይታወቅ ወደ ሳንባ ገብቶ ምግብ ከተለቀቀበት ሰው ይሞታል። ስለዚህ ታካሚው ሳይበላና ሳይጠጣ አውቶቡስ ይሳፈራል። ከወሎ ገጠር በዚህ ሁኔታ ተነሥቶ የመጣ አባወራ አለን፤ ሲደርስ ሰውነቱ ፈሳሽ አጥቶ ሁለት ሰው ደግፎት ነበር የቆመው።

ቱቦው ከወጣ በኋላም መዋጥ እንደገና የሚለመድ ነገር ነው። ምላሱ የተቀነሰበት ሰው ከወፍራም ነገር ይልቅ ውኃ ያስቸግረዋል፤ ውኃ ፈጥኖ ስለሚወርድ ጉሮሮ ሳይዘጋጅ ወደ ሳንባ ይገባል። አንዳንዱ ሰው ሳያስለው ስለሚገባ ቤተሰብ ችግሩን የሚያውቀው የሳንባ ምች ሲይዘው ነው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መብላት፣ በትንሽ በትንሹ መጉረስ፣ የሚጠጣውን ማወፈር፣ እንደ ጉዳቱም ዓይነት አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ ወይም ራስን ወደ አንድ ጎን አዙሮ መዋጥ ይረዳል፤ የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚለየው ግን ባለሙያ ነው። የመዋጥና የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውን እናውቃለን። እኛ የጠየቅነው አንዲት ነርስ ሠልጥና ይህን እንድታስተምረን ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናታችን ለመቁረብ የንስሐ አባታቸውን ሲያማክሩ ሐኪሙ መዋጥ ትችያለሽ ብሎሽ እንደሆነ ጠይቂ ተባሉ፤ ሐኪሙን የሚያገኙበት ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነበር።

ስለ አፍ አለመከፈትና ስለ ትከሻ በአጭሩ እንናገር። ጡንቻው በቀዶ ሕክምናና በጨረር ስለሚኮማተር አፍ ቀስ በቀስ እየጠበበ ይሄዳል፤ መክፈቻው ከ35 ሚሊሜትር በታች ሲሆን እንደ ችግር ይቆጠራል፤ በቤት መለኪያ 3 ጣት ደርድሮ ማስገባት አለመቻል ማለት ነው። በጊዜ ከተጀመረ ሐኪም ምላስ የሚጫንባትን ጠፍጣፋ እንጨት እየደራረቡ በጥርሶች መካከል በማስገባት በየቀኑ ማለማመድ ይቻላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከወራት በኋላ ቢጀመር ግን ጠባሳው ስለሚደርቅ ጥቅሙ ያንሳል። ከመካከላችን ጥርሱን መቦረሽ እንኳ የማይችል፣ ለምርመራም አፉን ለሐኪም መክፈት የተሳነው አለ። አንገት ሲከፈት ትከሻን የሚያነሣው ነርቭ ስለሚነካ ደግሞ ክንዳቸውን ወደ ላይ ማንሣት ያቃታቸው ሴቶች ፀጉራቸውን መሥራትና ነጠላቸውን መደረብ በሰው እጅ ሆኖባቸዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ለዓመታት አሠልጥነዋል፤ በሆስፒታላችንም ክፍሉ አለ፤ ከክትትል ክፍሉ መዘጋት በኋላ ግን ወደዚያ የሚልከን አጣን።

የጥርስ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነናል፤ ምክንያቱም ፈጽሞ ሊቀር የሚችል ጉዳት ነው። ጨረር የወሰደ መንጋጋ የደም ዝውውሩ ስለሚዳከም ከዚያ በኋላ ጥርስ ሲነቀልበት ቁስሉ ላይድን፣ አጥንቱም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የሚነቀለው ጥርስ ጨረር ከመጀመሩ 2 ወይም 3 ሳምንት ቀድሞ ተነቅሎ ድዱ መዳን አለበት፤ የሚቀሩት ጥርሶችም በፍሎራይድ ሊጠበቁ ይገባል፤ ጨረር የምራቅ ዕጢዎችን ስለሚያደርቅ አለዚያ ጥርስ በፍጥነት ይበሰብሳል። ይህ ምክር ሳይነገረው ጨረሩን የጨረሰ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጥርሱን ሲያመው በሰፈሩ ወዳለ ክሊኒክ ሄዶ አስነቀለ። ባለሙያው ጨረር መውሰዱን አልጠየቀም፤ እሱም መናገር እንዳለበት አያውቅም ነበር። ቁስሉ ሳይገጥም ቆይቶ የመንጋጋው አጥንት በድዱ በኩል ገጥጦ ወጣ፤ አሁን ሽታው ከሰው ጋር እንዳይቀመጥ አድርጎታል፤ የሞተው አጥንት በሌላ ቀዶ ሕክምና እንዲወጣለት ወረፋ ይዟል። ይህን ሁሉ ሊያስቀር ይችል የነበረው በኪሱ የሚይዘው አንድ ካርድ ነበር።

ላንቃቸው የወጣባቸው ታካሚዎች ደግሞ አፍና አፍንጫቸው አንድ ሆኖ ቀርቷል። የሚጠጡት በአፍንጫቸው ይመለሳል፤ የሚናገሩትም አይሰማም። መፍትሔው እንደ ተነቃይ ጥርስ እየወለቀ የሚገባና ቀዳዳውን የሚዘጋ ሰው ሠራሽ ላንቃ ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የሥነ ልቦናው ሊቅ ሲግመንድ ፍሮይድ በፈረንጆቹ 1923 የአፍ ካንሰር ተገኝቶበት ላንቃውና የላይኛው መንጋጋው በከፊል ከተወገደ በኋላ፣ ከ30 በላይ ቀዶ ሕክምናዎች እየተደረጉለት በዚሁ ዓይነት ሰው ሠራሽ ላንቃ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1939 ኖሯል፤ መሣሪያው ሲያቆስለውም ደጋግመው ያስተካክሉለት ነበር። ከ100 ዓመት በፊት ይሠራ የነበረውን ዛሬ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ባሉበት አገር ታካሚዎቻችን ቀዳዳውን በጎዝና በጥጥ እየወተፉ መኖራቸው ሊያሳስባችሁ ይገባል። በግል ክሊኒክ የሚሠራበት ዋጋ ለአብዛኞቻችን የሚቀመስ አይደለም።

አሁን ወደ ቀጠሮው አሠራር እንመለስ። ቀጠሮ ለማስቀየር በስልክ ደውሉ ይባላል፤ መናገር የማይችል ሰው እንዴት ይደውል? ተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ ስም ሲጠራ አቤት ማለት ያልቻለ ሰው እንደሌለ ተቆጥሮ ይታለፋል። ከምላሱ ግማሽ የሚበልጠው የወጣ አንድ ወጣት መኖሩን እጁን አንሥቶ ቢያሳይም በሰው መካከል ሳይታይ ቀርቶ ካርዱ ወደ መጨረሻ ተመልሷል። አስታማሚ የሌለው ሰው በዚህ ሁኔታ ሕክምና ማግኘት አይችልም።

የ3 ወሩ ቀጠሮ ከካንሰሩ መመለስ ጋርም አይስማማም። የአፍ ካንሰር ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ይመለሳል። በዓለም ላይ የሚሠራባቸው መመሪያዎች በመጀመሪያው ዓመት ከ1 እስከ 3 ወር፣ በሁለተኛው ዓመት ከ2 እስከ 6 ወር፣ እስከ 5ኛው ዓመት ከ4 እስከ 8 ወር ልዩነት ታካሚው እንዲታይ የሚመክሩት በዚህ የተነሣ ነው። በወረቀት ላይ 3 ወር በዚህ ወሰን ውስጥ ያለ ይመስላል፤ በተግባር ግን ቀጠሮው ሲተላለፍ 5 እና 6 ወር ይሆናል፤ የሚያየንም የቀድሞውን ቁስላችንን የማያውቅ ሐኪም ስለሚሆን ጠባሳውን ከአዲስ ዕጢ ለመለየት ይቸገራል። አንገታቸው ጨረር የወሰደ ታካሚዎች የታይሮይድ ዕጢያቸው ሊደክም ስለሚችል ቢያንስ በዓመት አንዴ የደም ምርመራ ሊደረግላቸው ሲገባ ይህ የተደረገለት ከመካከላችን ጥቂት ነው። ሲጋራ ለማቆም ለሚታገሉትም የሚሰጠው ተግሣጽ ብቻ ነው፤ ማጨስና መጠጥ መቀጠል ቁስል እንዳይድን፣ ሌላ ካንሰርም እንዲነሣ እንደሚያደርግ እየታወቀ ሱሱን ለመተው የሚያግዝ ሰው አልተመደበልንም።

በወጪ በኩል የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሆንን ለእያንዳንዱ ክትትል ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሪፈር እንድናመጣ እንገደዳለን። ቁስሉ የተከፈተበት ሰው ወረቀት ፍለጋ ወረዳ ለወረዳ ሲዞር ቀናት ያልፋሉ። የመመገቢያ ቱቦ፣ ሲሪንጅ፣ ፋሻና የመተንፈሻ ቱቦ መለዋወጫ ብዙ ጊዜ ከሆስፒታሉ ስለማይገኙ ከውጭ ግዙ ይባላል፤ የገዛንበትን ደረሰኝ ይዘን ስንመጣም ገንዘቡ አይመለስልንም። በሬ ሸጠው ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉ ገበሬዎች በፋሻ መግዣ ማጣት ክትትላቸውን አቋርጠዋል።

ስለ ፊታችን የምንለው ጥቂት ነው። መንጋጋው የጎደለ፣ ምራቁን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ከቡና ላይ ይቀራል፤ ከሰርግና ከለቅሶ ይቀራል፤ በነጠላ ወይም በፎጣ ተሸፍኖ ቤት ይውላል። ከሰው ጋር አንድ ማዕድ ላይ መቅረብ ያቆመ፣ ጉርሻ ሲዘረጋለት ፊቱን የሚያዞር፣ ትዳሩ የፈረሰ አለን። ስለ ራስ ማጥፋት የተናገሩ አሉ፤ ይህን የሰማናቸው እኛው ነን እንጂ የጠየቃቸው ባለሙያ አልነበረም። የአእምሮ ጤና ምክር የክትትሉ አካል ሊሆን ይገባል።

በእነዚህ ምክንያቶች የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የተዘጋው ሳምንታዊ የክትትል ቀን እንዲመለስ እንጠይቃለን። ከሆስፒታል በወጣን በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያም ከላይ በጠቀስነው ልዩነት ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ እንዲያየን፤ ትኩሳት፣ አዲስ እብጠት፣ በአንገት የሚወጣ ምራቅ ወይም ምግብ፣ መድማት፣ የመተንፈስ ችግርና የቱቦ መውለቅ ያጋጠመው ታካሚ ግን ቀጠሮ ሳይጠየቅ በመጣበት ዕለት እንዲታይ፣ ይህም ለካርድ ክፍልና ለድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች በጽሑፍ እንዲታዘዝልን እንሻለን። በዋርዱ ውስጥ የተተከለ ሥጋ ላለው ታካሚ በመጀመሪያዎቹ 3 ሌሊቶች ክትትሉ በነርስ እንዲሠራና እንዲመዘገብ፣ ለውጥ ሲታይም የሚጠራ ሁለተኛ ሐኪም እንዲመደብ እንጠይቃለን።

የአስታማሚ ትምህርት ከመውጫው ቀን ቀደም ብሎ ተጀምሮ አስታማሚው በነርስ ፊት በእጁ ሠርቶ እስኪያሳይ ይሰጥ። ማንበብ የማይችሉ ብዙዎች ስለሆኑ በሥዕል የተደገፈ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎች ታካሚዎች በሚናገሯቸው ቋንቋዎች የተዘጋጀ ወረቀት አብሮ ይሰጠን። እያንዳንዱ ታካሚ ምን እንደተሠራለት፣ ጨረር መውሰዱንና ጥርሱ ያለ ስፔሻሊስት ምክር እንዳይነቀል የሚገልጽ ካርድ ይያዝ፤ ለመጣንባቸው ጤና ጣቢያዎችም አጭር ማስታወሻ ይላክ። ጨረር የታዘዘለት ሁሉ አስቀድሞ በጥርስ ሐኪም መታየቱ ግዴታ ይሁን። ላንቃቸው ለወጣባቸው ሰው ሠራሽ ላንቃ በጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች በኩል በመድን እንዲሠራላቸው ይመቻች። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ አንገቱ የተከፈተን ታካሚ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ይይ፤ ቢያንስ አንዲት ነርስም በመዋጥ ሕክምና ትሠልጥንልን። መናገር የማንችል ሰዎች በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቀጠሮ የምንይዝበትና የምንቀይርበት ቁጥር ይከፈት፤ ወረፋችንም በቁጥር ይጠራ።

የጤና መድን አመራሮች ደግሞ ለዚህ ሕመም የሚሰጥ አንድ ሪፈር ለሙሉ ዓመት እንዲያገለግል፣ የመመገቢያና የመተንፈሻ ቱቦዎች፣ የመምጠጫ መሣሪያ፣ ሲሪንጅና ፋሻ በመድኑ እንዲሸፈኑ፣ ከሆስፒታሉ ሲታጡም ከውጭ የተገዙበት ደረሰኝ እንዲወራረድ እንዲያደርጉልን እንጠይቃለን።

ከመካከላችን ቁስል ማጠብ፣ ቱቦ ማጽዳትና በቱቦ መመገብ በደንብ የለመዱ አስታማሚዎች አሉ። የክትትሉ ቀን ከተመለሰ በየሳምንቱ እየተገኙ ለአዲስ አስታማሚዎች በነርሷ ቁጥጥር ሥር ሊያሳዩ ፈቃደኞች መሆናቸውን አሳውቀውናል። ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠንና ሁለት ታካሚዎችና ሁለት አስታማሚዎች በሚገኙበት ስብሰባ ጉዳዩ እንዲታይልን እንጠይቃለን። ታካሚ ተወካዮቻችን በንግግር ስለሚቸገሩ በስብሰባው ላይ ሐሳባቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ጊዜ ይሰጣቸው።

ከሰላምታ ጋር

የአፍ፣ የፊትና የአንገት ካንሰር ታካሚዎችና አስታማሚዎች ስብስብ
ሰብሳቢ (የምላስ ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ታካሚ)
ጸሐፊ (አስታማሚ)

ግልባጭ፦
ለታካሚዎች መብት ለሚሠሩ ማኅበራት
ለመገናኛ ብዙኃን